አገጭህን ወደ ደረትህ

ባለፈው ሳምንት እጄ እየደነዘዘ ቢያስቸግረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም፣ «አባባ፣ እስቲ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉ። ጀርባዎን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርዎ ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። የሚነዝር ከሆነ ሕብለ ሰረሰር ተነክቶ ሊሆን እንደሚችል ስታስረዳኝ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ። ጥያቄውን ካርቱም ውስጥ፣ ለሌላ ሰው ሲቀርብ ሰምቼው ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወሎው ልጅ ከሰይድ ጋር ካላክላ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ጠዋት ጠዋት የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በልተን፣ በሚኒባስ ተጨናንቀን መጋዘኖቹ ወዳሉበት ባሕሪ ወደሚባል ሰፈር እንወርዳለን። ሥራችን ዱቄት መጫን ነበር። የመጋዘኑ አለቃ ሠራተኛ የሚይዘው ጥንድ ጥንዱን ነው፤ አንዱ ከቀረ ሌላውም ይሰናበታል። አንድ ቀን ሰይድ ማጅራቱ ላይ ጆንያ ወደቀበት። ከዚያ ወዲህ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ባለ ቁጥር «ነዘረኝ» ይላል። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ «መብራት ሲጠፋ አንተን እንሰካለን» እያልኩ እስቅበት ነበር።

አለቃው ሕመሙን ሲሰማ፣ «ያላ፣ ሐኪም ደህና ነው ካለ ይመለስ» አለ። ሰይድ ዐረብኛ ስለማይችል ላስተረጉም አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌው ሐኪም የሰይድን አንገት ወደ ደረቱ ደፋ አደረገው።

«ወላሂ፣ እስከ እግሬ ወረደ! ንገረው» አለኝ ሰይድ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጀርባውን ወይም እግሩን የነዘረው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ።

«ማ ፊ ሐጃ» አልኩት፤ ምንም የለም። «ማጅራቱን ብቻ ትንሽ ያመዋል።»

ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ጻፈ። ሰይድ «ምን አለ?» ሲለኝ፣ «ይሻልሃል፣ ኢንሻአላህ» አልኩት። ሁለቱም አመኑኝ። በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

ፈርቼ ነው። እሱ ከቀረ እኔም ሜዳ ላይ ልቀር ነው። ሌላ ሥራ እስካገኝ ብቻ፣ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ብዙም አልቆየ፤ አቧራ ሰማዩን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጆንያ እንደተሸከመ ግራ እግሩ ከዳው። አገሩ የገባው በሁለት ክራንች ነው።

«አንገትዎ ጤነኛ ነው» ብላ ሐኪሟ ስታሰናብተኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበደኝ። የዚያኑ ቀን ደሴ ለሰይድ ደወልኩለት። ሱቅ አለው፤ ዛሬም ያለ ምርኩዝ አይራመድም። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ልናዘዝ ብዬ፣ «ሰይዶ፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት...» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው አቋረጠኝና አጠገቡ ላለችው የልጅ ልጁ፣ «ይኸው፣ ካርቱም ሥራውን ትቶ ያሳከመኝ ወንድሜ! በይ አመስግኚው» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

«አላህ ይስጥልን፣ አባባ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።