የድርጭቶቹ ጣሪያ

አናጺ ያገባች ሴት ቤቷ ጎደሎ የለውም ይላሉ። እንዲህ የሚሉት አናጺ ያላገቡ ናቸው። እሷን የሚጠይቃት ቢኖር፣ መዶሻ ከእጁ የማይለይ ባል እንዴት ጨጓራ እንደሚልጥ ቁጭ ብላ ታስረዳ ነበር። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ "ቦታ ይለቀቅልሽ" ብሎ ወደ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ጨው ለማውረድ በርጩማ ላይ ትወጣለች። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ "ወገብሽን እንዳያምሽ" ብሎ እግሩን አስረዘመው፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደርስ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ተጣልታው ትገላገል ነበር። ደግ ነው፤ ደግነቱን ግን ማንንም ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው።

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ዓይኗ መርፌ አላይ ሲላት ከጓሮው ጥግ ለሥጋ የሚሆኑ ድርጭቶች ማርባት ጀመረች። የባሏ እህት ይህን ስትሰማ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብላ ሳቀችባት። እሷ ግን ከአሮጌ ሳጥንና ከሽቦ ራሷ ቤት ሠራችላቸው። ጣሪያውን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ከውስጥ ስፖንጅ በጨርቅ ሸፍና ሰፋችበት። ቤቱ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነበር፣ እውነት ለመናገር።

"አናጺ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ሰው ምን ይለኛል?" ይላል ባሏ ባለፈ ባገደመ ቁጥር።

"አንተ ብቻ እጅህን ሰብስብ! ይሄ የእኔ ነው።"

ድርጭቶቹ ደረታቸው ሞላ። የአንድ ሆቴል ሼፍ ወሬውን ሰምቶ "ነገ መጥቼ አያቸዋለሁ፤ ከወደድኳቸው ሁልጊዜ ከአንቺ ነው የምወስደው" አላት። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት መኖ ልትገዛ ወጣች። ባሏም የልቡን የሚያደርስበት ጊዜ አገኘ።

ገበያ ውላ ስትመለስ ጓሮው ውስጥ አዲስ ቤት ቆሞ ጠበቃት፤ ለስልሶ የተላገ ጣውላ፣ ጣሪያው ከደረቷ የሚደርስ። ድርጭቶቹም ገብተዋል። ባሏ ጥርሱን ሳይከድን "ቆይ፣ የመጨረሻዋን ምስማር ልምታና ታይዋለሽ" አላት።

"ተው፣ አትምታ!" ከማለቷ ምስማሯን መታት።

ድርጭት ሲደነግጥ አይሮጥም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ጉልበት ሳያገኝ ስፖንጁን ነክቶ ይመለሳል። እዚህ ግን መንደርደሪያ ተሰጣቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነስተው ጣውላውን በአናታቸው መቱት፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ነበር የሚመስለው። ከዚያ እየተገለበጡ ወደቁ።

"እኔ እኮ... እንዲተነፍሱ ብዬ ነው" አለ ባሏ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

"እኔስ? እኔስ መቼ ነው የምተነፍሰው?" ደሟ ፈላ። "መደርደሪያዬን ሰቀልክ፣ ዝም አልኩ። ጠረጴዛዬን አስረዘምክ፣ ዝም አልኩ። አንዲት ነገር ለራሴ ብሠራ እሷንም ከፍ አደረግክልኝ! አንድ ቀን እንኳ 'እንዴት ይሁንልሽ?' ብትል ምላስህ ይቆረጣል?"

ተንበርክካ የሞቱትን ወደ ጎን አደረገች፤ አናታቸው የደማውን በጨርቅ እየጠረገች ወደ አሮጌው ሳጥን መለሰች። ጤነኞቹ ግማሽ አይሞሉም። ሼፉ ይምጣና የተረፉትን ይይ፣ ሌላ ምን ታደርጋለች? ከንዴት ብዛት እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከኋላዋ መጋዙ ጣውላው ላይ ሲያርፍ ሰማች። "ደግሞ ጀመረ" ብላ ጥርሷን ነከሰች። መጋዙ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ጣሪያው ምን ያህል ይሁንልሽ?" አለ ባሏ በቀስታ።

በትዳር ዘመኗ ሰምታው የማታውቀው ጥያቄ ነው። ዘወር ሳትል "ስንዝር" አለችው።

ያንን ሰፊ መዳፉን ጣውላው ላይ ዘረጋ። ዘርግቶም ቆየ።

"በማን ስንዝር?"

ተነሳች። እጁን ገፋ አድርጋ የራሷን ዘረጋች።

"በእኔ።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ከትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ ምልክት አደረገ።