ወደ ደረቁ

የሩዝ ገለባ ትኩስ አቧራ በሸተተኝ ቁጥር የሚታየኝ ማሳ አይደለም፤ የጠፈር መርከብ ነው። ወረታ የነበረው ቪዲዮ ቤት ከሩዝ መፈልፈያ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ አግዳሚው ከሥራችን ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም ይደክማል።

እዚያ ደጋግመው ከሚያሳዩዋቸው ፊልሞች አንዱ፣ በከዋክብት መካከል ሲንከራተት ኖሮ ወደ ቤቱ ለመመለስ ስለሚታገል አብራሪ ነበር። መጨረሻው ላይ ሳልደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠራኛል።

አንድ ክረምት አባቴ ከአረም ጠፍቼበት ሊወስደኝ መጣ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ሁለተኛ እዚህ ቤት ብትገባ!» አለኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ግን እስኪያባራ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ፊልሙን ትቼ ፊቱን አይ ጀመር። ካልወደደው፣ ያ የመጨረሻዬ ነበር።

መርከቧ ሞተሯ ተበላሽቶ በማይታወቅ ዓለም ውሃ ላይ ወረደች። ዳር ዳሩ ሣር፣ መሃሉ ውሃ፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ የተኛባትን ፎገራን ይመስላል። አባቴ ብድግ አለ። ከብት ከጎርፍ እንደሚያወጣ ዱላውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ፣

«ወደ ደረቁ! በግራ በል! ወደ ደረቁ!» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ጋረዱን! ከብት አይደለም እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ከብት ባይሆንስ፣ ሰው አለበት አይደለም?» አለ አባቴ።

ሳቁ ቀዘቀዘ። ቆይቶ ሌሎችም «ወደ ደረቁ!» ይሉ ጀመር። ያን ጊዜ ወፍጮው ተነሳ፤ መብራቱም ጭራሹን ጠፋ።

መንገድ ላይ አባቴ ስለ አረሙ አላነሳም። «ቅዳሜ ይደግሙታል?» ብቻ አለኝ። ቅዳሜ አብረን ስንሄድ ግን ባለቤቱ ሲዲውን ይፋግ ከተማ ላለ ሰው አውሶት ነበር፤ ሲዲውም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ ፊልሞች አይቻለሁ። መርከቦቻቸው ያምራሉ፤ ተነስቶ የሚጮህላቸው ሰው ግን አላየሁም።

በቅርቡ ያንን ፊልም በስልኬ አገኘሁት። መርከቧ እንደማስታውሳት ብርማ አይደለችም፤ አመድማ ናት። የሞተሯም ድምፅ ስስ ነው። ደረታችንን ያርገበግብ የነበረው ጉርምርምታ የወፍጮው ኖሯል።

የአባቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ስልኩን ጆሮው ሥር ያዝኩለት። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማና ቀና አለ።

«ደረቁን ያዘ?»

የመርከቧ ጭራ ቀስ ብሎ ሰመጠ። ከዚያ ውሃው ብቻ ቀረ።

«ያዘ፣ አባዬ።»

«ብያለሁ እኮ» አለና፣ ዱላ እንደያዘ ሁሉ ተዘርግቶ የነበረውን ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።