ሽጉጧን የሚያጅበው ሃምሳ አለቃ

የሽጉጥ ተኩስ አሰልጣኝ የሆንኩት እጄን ስላወጣሁ ነው። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ነበር። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሰፈሩን የስፖርት መምህራን ለስብሰባ ጠርቶን ነበርና እኔ ከኋላ ወንበር ላይ አንጎላጃለሁ። ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከመካከላችሁ ብሔራዊ ውትድርና የዘመተ አለ?» ሲል ብንን አልኩ። ያን ሰሞን በጎሮ በኩል የቤት መሥሪያ ቦታ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ስለነበር ፈጥኜ እጄን አወጣሁ።

«በጣም ጥሩ! የወረዳችን የተኩስ አሰልጣኝ አንተ ነህ» አለኝ። ተጨበጨበልኝ።

መዝመቴ እውነት ነው። ግን ወጥ ቤት ነበር የመደቡኝ። በውትድርና ዘመኔ ከጠመንጃ ይልቅ ጭልፋ ጨብጫለሁ። ይህንን ለሰብሳቢው ሳስረዳው «ዲሲፕሊኑ ነው ዋናው» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ቦሌ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለወረዳው ትቶት የሄደው የአየር ሽጉጥ ነበር፤ ስፖርቱም የተቋቋመው ለእሱ ሲባል ነው። በታመቀ አየር የምትሠራ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ እርሳስ የምትተፋ ትንሽ መሣሪያ ናት። ስትተኮስ ድምፅዋ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሲከፈት እንደሚሰማው ነው። ከእሷ ጋር አንድ መጽሐፍ አብሮ ነበር። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሥዕል ግን ሞልቶታል። አሰልጣኝነትን የተማርኩት ከሥዕሉ ነው፤ እግር እንዲህ፣ ትከሻ እንዲህ፣ ዓይን እንዲህ።

የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ግን ሥዕሉን አላዩም። «አየር ይሁን ውሃ፣ ሽጉጥ ሽጉጥ ነው» አሉኝ። «እዚሁ ጣቢያ ታድራለች። ስትወጣም በፖሊስ ታጅባ ነው።»

ለዚሁ ሥራ የተመደቡት ጡረታ የተቃረቡ፣ ወፍራምና ነጭናጫ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ልምምድ ባለን ቀን ክላሻቸውን አንግተው፣ የሽጉጧን ሳጥን ታቅፈው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ከጣቢያው እስከ መለማመጃችን መጋዘን ድረስ አስፋልቱን ይዘን ስንጓዝ ያየ ሁሉ የታሰርኩ ይመስለው ነበር። በመንገዳችን ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ የወሎ አዛውንት ባዩኝ ቁጥር ከመደርደሪያቸው ኋላ ብድግ ይሉና «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ያውጣህ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ቆም ብዬ አሰልጣኝ እንደሆንኩ፣ ፖሊሱም የሚጠብቁት እኔን ሳይሆን ሳጥኑን መሆኑን በዝርዝር አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝና «እሺ ልጄ» አሉ፤ «ብቻ አላህ ያውጣህ።»

ሰልጣኞቼ ይመጣሉ፣ ይቀራሉ። ሳታቋርጥ የምትመጣው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ክፍል ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ሻንጣ ጋር ሲታገል የዋለው ክንዷ ሽጉጥ ሲይዝ ንቅንቅ አይልም። ንግግሯም እንደ እጇ ነው፤ አይወላውልም።

ሃምሳ አለቃ በበኩላቸው የቢራ ሳጥን ገልብጠው በሩ አጠገብ ይቀመጡና ያላግጡብናል። «ይቺ እኮ ዝንብ እንኳ አታስበረግግም» ይላሉ። «እኔ እናንተን ሳጅብ ያየ ጓደኛዬ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ መምህር? ‹ሞግዚት ሆንክ እንዴ› ነው የሚለኝ።»

በአንድ የክረምት ከሰዓት ዝናቡ ሰልጣኞቹን ሁሉ፣ ያቺን የማትቀረዋን ልጅ ጭምር፣ አስቀረና መጋዘኑ ውስጥ እኔና ሃምሳ አለቃ ብቻ ቀረን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አላነጋግር ብሎናል። ሃምሳ አለቃ ሰልችቷቸው ተነሡ።

«እስቲ ወዲህ በላት» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። አነጣጥረው ተኮሱ። የዒላማው ወረቀት ላይ ምንም የለም። ደገሙ። እርሳሷ ከኋላ የደረደርነውን የጥጥ ጆንያ ሁሉ ስታ ግድግዳውን ቀጭ አደረገችው። ሽጉጧን አገላብጠው አዩዋት።

«ተበላሽታለች» አሉ።

ተቀብያቸው ተኮስኩ። በዕድሌ መሐሉን አገኘሁት። ሃምሳ አለቃ ወረቀቱ ድረስ ሄደው ቀዳዳውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ጣቢያ ስንደርስ፣ ሳጥኑን ከማስረከባቸው በፊት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው «በሚቀጥለው ቀደም ብለን እንሂድ» አሉኝ።

እንዲህ ተጀመረ። ሰልጣኞቹ ሳይመጡ እሳቸውን አሠለጥናለሁ። ትልቁ ችግራቸው ምላጩን መንጨቃቸው ነበር። «አይሳቡት» እላቸዋለሁ፤ «ቀስ ብለው ይጭመቁት። መቼ እንደምትተኩስ እርስዎ ራስዎ አይወቁት።» እኚህ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሣሪያ ከትከሻቸው ያልወረደ ሰው፣ ጭልፋ ይዞ የዘመተ አሰልጣኝ የሚላቸውን አንድ በአንድ ይሰሙ ነበር። ወራት ሲያልፉ ቀዳዳዎቹ ወደ መሐል ተሰበሰቡ። ንጭንጫቸውም ቀነሰ። እንዲያውም የሻንጣ ክፍሏን ልጅ ስለ ትንፋሽ አያያዝ መምከር ጀመሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የእርስዎ ሥራ ሳጥኑን መጠበቅ ነው» አለቻቸው ልጅቷ።

የከተማው ውድድር ሲቃረብ ሃምሳ አለቃ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። የፖሊስ ቡድን አንድ ተኳሽ ጎድሎት እሳቸውን መርጧል።

«እምቢ ብል ምን እላለሁ መምህር? ፖሊስ እኮ ነኝ።»

«ምን ያስፈራል ታዲያ? ይወዳደሩ። አሰልጣኝዎ ማን ነው?»

«አንድ ሻምበል መድበውልኛል።» ኮፍያቸውን ደግመው አሽከረከሩና፣ «ከመድፈኛ ክፍል የመጡ ናቸው» አሉ።

በውድድሩ ቀን ሽጉጧን እንደ ልማዳቸው አጅበው ያመጧት እሳቸው ናቸው። ለእኛ ወረዳም ለፖሊስም የምትተኩሰው እሷው ስለነበረች፣ ተቀናቃኛቸው ልትረታቸው የምትችልበትን መሣሪያ ራሳቸው ታቅፈው መጡ ማለት ነው። ከብዙ ተኳሽ መካከል መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቀሩ፤ የእኔዋ ልጅና ሃምሳ አለቃ። ልጅቷ ሽጉጧን እንደ ሐውልት ቆማ ትተኩሳለች። ሃምሳ አለቃ ግን ተረብሸዋል። ሻምበሉ ከኋላቸው «አነጣጥር! ተኩስ!» እያሉ እንደ ጦር ሜዳ ያዝዟቸዋል። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል።

የመጨረሻዋን ከመተኮሳቸው በፊት አሻግረው አዩኝ። እኔም ሳላስበው ትከሻዬን በእጄ ነካሁ። ወዲያው ትከሻቸውን ጣሉ፣ ተነፈሱ፣ ጨመቁ። አሸነፉ።

ልጅቷ ያንን እንዳየች ያወቅኩት ቀጥ ብላ ወደ እኔ ስትመጣ ነው።

«ጋሼ፣ የመጣኸው ለእኔ ነው ለእሳቸው?»

«ትከሻዬን በላኝ» አልኳት።

«አይ መብላት!» አለችና ጥላኝ ሄደች።

በሽልማቱ ላይ የመድረኩ መሪ ሻምበሉን «ከባዶ ተነሥተው ሻምፒዮን ያፈሩ» ብሎ አመሰገነ። ቀጥሎ የእኔን ወረዳ ጠራና «ሽጉጡን በማመላለስ የተባበሩንን መምህር እናመሰግናለን» አለ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ሃምሳ አለቃ ዋንጫቸውን እንደያዙ «እንደሱ አይደለም!» ብለው ብድግ አሉ፤ ግን ድምፅ ማጉያው ማፏጨት ጀምሮ ነበርና የሰማቸው የለም። ሻምበሉ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። አጎንብሰው ቀሩ። እኔ ያን ያህል አልከፋኝም ነበር፤ እሳቸውን ሳይ ግን ከፋኝ።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ ወደ ፖሊስ ስፖርት ክፍል ተዛወሩ። ጣቢያው ለሽጉጧ ሌላ አጃቢ አልነበረውም። በሄድኩ ቁጥር «ሰው የለም፣ ሰሞኑን ተመለስ» ይሉኛል። ያለ አጃቢ ሽጉጥ የለም፤ ያለ ሽጉጥ ሰልጣኝ አይመጣም። መጋዘኑን አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ተከራየው። ልጅቷም ድምፅዋ ጠፋ።

አንድ ቀን የልጅቷ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠሩኝ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ፊታቸውን ቋጥረው ቆመዋል።

«ልጄን ፖሊስ ያደረግካት አንተ ነህ?»

ደነገጥኩ። ሃምሳ አለቃ ለቡድናቸው ጠይቀዋት የሻንጣውን ሥራ ትታ ፖሊስ ቤት መቀጠሯን የሰማሁት ያኔ ነው።

«ኮምፒውተር ነው የምማረው ስትለኝ ኖራ» አሉ፤ «ትናንት መለዮ ለብሳ መጣችልኝ!»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስኪበቃቸው ተቆጡኝ። ከዚያ ሊሄዱ ዞር ብለው ተመለሱ።

«ለመሆኑ ጎበዝ ናት?»

«በጣም ጎበዝ ናት።»

«ታዲያ ለምን ሁለተኛ ወጣች?»

ትከሻዬን አከክኩ። ለሚቀጥለው ውድድር አብሬያቸው ብሄድ ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው።

ሄድን። እሳቸውና እኔ ሲሚንቶ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከታች ልጃቸው ቆማለች፤ ከኋላዋ ሃምሳ አለቃ በአዲስ የስፖርት ቱታ አጎንብሰው አንድ ነገር በጆሮዋ ይነግሯታል። እኔን የሚያስተዋውቅ አልነበረም፤ በዚያ ቀን የተመልካች ትኬት የያዝኩ ተራ ሰው ነበርኩ። ልጅቷ ክንዷን ስታነሣ እናትየው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉና እጄን ጨመቁት።

«አላይም እኔ! መታች?»

«መታች።»

«መሐሉን?»

«መሐሉን።»

«አትዋሸኝ!» አሉ፣ ከነጠላው ውስጥ ሆነው፤ «አሁንስ?»