ነጎድጓድና የሁለት ደቂቃው ዘፈን

ነጎድጓድ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን ስትጣራ የሦስተኛው ቤት ሰው «አቤት!» ይል ነበር። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» እያሉ አሳደጓት። የትምህርት ቤቱ የመዝሙር አሠልጣኝ ደግሞ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብሎ ከኋላ ረድፍ አቆማት። እንዲህ ድምፅዋን እየዋጠች አርባ አንድ ዓመት ሞላት።

በዚያን ጊዜ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እርጥቡን አንሶላ በእንፋሎት ለሚሠራው ትልቅ መተኮሻ ታጎርሳለች፤ ባልደረባዋ በወዲያ በኩል ተቀብላ ታጥፋለች። «ከእሷ እጅ በወጣ አንሶላ እንኳን በሽተኛ፣ ሙሽራም ይተኛበታል» ይሏታል።

በሞቃቱ ወር የክፍሉ ማራገቢያ ተበላሸ። ኃላፊው «ነገ ይሠራል» አለ። በማግሥቱም «ነገ»። አራት ወር ሙሉ ነገ። አንድ ቀን ባልደረባዋ አንሶላ እንደያዘች ራሷን ስታ ወደቀች። ነጎድጓድ እሷን ወደ ሐኪም ከላከች በኋላ የኃላፊው ቢሮ ገብታ ያንገበገባትን ሁሉ ዘረገፈችው። ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ አሸሽቶ «መጀመሪያ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አላት። ዝቅ አድርጋ ስትነግረው «ነገ» አለ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጊታርም ይሞካክራል። የጠገነውን የድምፅ ማጉያ ሊሞክር የፓንክ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። ጊታሩ ይቧጭራል፣ ከበሮው ይጋልባል፣ ዘፋኙ ይጮኻል።

«ሰውየው ተናዶ ነው ወይስ እየዘፈነ?»

«ሁለቱንም ነው።»

«እንዲህም መዝፈን ይቻላል?»

«ማን ከልካይ አለው? ሦስት ኮርድ፣ ማለት ሦስት የጣት አያያዝ በጊታር፣ ከቻልሽና የምትናገሪው ካለሽ በቃ። ፈጠን ማለት ነው፤ ማንዛዛት የለም።»

«የምናገረውስ ሞልቷል» አለች።

እሱ ሦስቱን ኮርዶች እያከታተለ ሲመታ እሷ የኃላፊውን ነገር ከሥሩ ጀመረችለት። መደርደሪያው ላይ ያሉት አምፖሎች ተንቀጫቀጩ። ወንድሟ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። «እታለም፣ ይሄን ድምፅ የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?»

ከበሮ መቺ አልቸገራቸውም። የጎረቤታቸው ጋሼ ሾፌር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ከበሮ መትተዋል። ፓንክ ሲያሰሟቸው ጥቂት አዳመጡና «ማርሽ ነው እኮ! ብቻ ሰልፈኛው አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው» አሉ። ተስማሙ።

ዘፈኑን «ነገ» አሉት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

«አንሶላው ዛሬ ነው፣ ላቡም ዛሬ ነው፤
ማራገቢያው ብቻ ለምንስ ነገ ነው?»

መጀመሪያ ወደ ስቱዲዮ ወሰዱት። ባለ ስቱዲዮው ሰው አክባሪ ነበር፤ ክፋት የለበትም። «ድምፅዋን ትንሽ እናለስልሰው፣ ኪቦርድ እንጨምር፣ አምስት ደቂቃ እናድርሰው» አለ።

ጋሼ ሾፌር ኮፍያቸውን አጠለቁ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ አርባ ዓመት ስትለሰልስ የኖረች ናት» አሉት። ሦስቱም ተያይዘው ወጡ።

ውጭ ሲደርሱ ወንድሟ «ያለ አሳታሚ፣ ያለ አለቃ፣ ራሳችን እንቀዳዋለን» አለ።

እሑድ ረፋድ ላይ የሱቁን ግድግዳ በፍራሽ ሸፍነው አንድ ማይክ ከጣሪያው አንጠለጠሉ። የመጀመሪያው ቅጂ ሲሰማ ከነጎድጓድ ድምፅ በቀር ምንም የለም፤ ጊታሩንም ከበሮውንም ውጣዋለች። ወንድሟ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላት። አሁንም ዋጠችው። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲላት በሩን አልፋ መንገዱ ዳር ቆመች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። አላፈረችም፤ ደረቷን ነፍታ ዘፈነች። በሦስተኛው ቅጂ የጋሼ ሾፌር መምቻ ከእጃቸው አምልጦ የወንድሟን መሰላል ሲመታው ሳቋን ለቀቀችው።

«ልቁረጠው?» አለ ወንድሟ።

«ተወው። እኛው ነን።»

መቶ ሲዲ አባዙ። አስፈቅዳ የወሰደቻቸውን አሮጌ አንሶላዎች ቀዳ የሲዲ ማቀፊያ ሰፋችና የጋለ ካውያ በእያንዳንዱ ላይ አሳረፈችበት፤ ቡናማ የካውያ ምልክት ወጣ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጨርቅ አላቃጠልኩም። ዛሬ መቶውን!» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ የመኪና ማጠቢያ ግቢ ተጫወቱ። የልብስ ማጠቢያ ባልደረቦቿ ከፊት ተደረደሩ፤ እናቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጎድጓድ ጆሯቸውን ይይዛሉ ብላ ሠግታ ነበር። ግቢው በአንድ አፍ «ነገ! ነገ!» ሲል እናቷ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው አንድ ነገር አሉ። ሴትየዋ አልሰማችም። ደገሙላት፤ አሁንም አልሰማችም። በመጨረሻ አዛውንቷ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ጮኹ፦ «ልጄ ናት እኮ! የኔ ልጅ!» ነጎድጓድ መድረኩ ላይ ሆና ሰማች።

ሰኞ ኃላፊው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ «ማራገቢያው ነ...» ከማለቱ የቀረውን ሃያ ሴት ዘፈነችለት። ማክሰኞም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቃል ካፉ ማውጣት አቃተው፤ በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያ ይዞ መጣ። ማራገቢያው ሲዞር የሴቶቹ ሻሽ ተርገበገበ። ነጎድጓድ አልጮኸችም። ለአንድ አፍታ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ሳበችና አንሶላዋን ማጉረሷን ቀጠለች።

ወሬው ሩቅ ሄደ። አንድ ቀን ከዳቦ ፋብሪካ ሦስት ሴቶች ፈልገዋት መጡ። አንደኛዋ «እኛም የምንለው አለን፤ ግን ጊታር የሚባል ነክተን አናውቅም» አለች።

«ሦስቱን ኮርድ ወንድሜ በሁለት እሑድ ያሳያችኋል። ከበሮውን ጋሼ አሉላችሁ። እናንተ የሚያንገበግባችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ እሱን የሚያበድራችሁ የለም።»

ይዘው መጡ። በሚቀዱበት ቀን አንደኛው ፍራሽ አልቆም ስላለ ነጎድጓድ በጀርባዋ ደግፋ ያዘችው። የዳቦ ፋብሪካዋ ዘፋኝ መሀል ላይ ድምፅዋ ተሰንጥቆ ደንግጣ አየቻት።

«እሱ ነው ጥሩው» አለቻት ነጎድጓድ። «ቀጥዪ።»