ሁለት የልደት ዓመት ያለው ብልቃጥ

አመለወርቅ ክንድ ከማሰሯ በፊት ትዳስሳለች። የግራ እጇን አውራ ጣት ከክርኑ ዝቅ አድርጋ ታሳርፍና ቆዳውን ወደ ታች ሳብ ታደርገዋለች፤ የሽማግሌ ደም ሥር መርፌ ሲመጣበት ስለሚንሸራተት መሸሻውን አስቀድማ ትዘጋበታለች። ከዚያ ላስቲኩን አራት ጣት ከፍ አድርጋ ታስራለች። አልኮል በነካ ጥጥ ትጠርግና እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ እፍ አትልበትም። የመርፌውን አፍ ወደ ላይ ታዞራለች። «ትንሽ ይቆነጥጣል» ትላለች፤ ቃሉን ሳትጨርስ መርፌው ገብቷል። ብልቃጡ ሲሞላ መጀመሪያ ላስቲኩን ትፈታለች፣ ቀጥላ ብልቃጡን ትነቅላለች፣ መርፌውን በመጨረሻ ታወጣለች። ሐምራዊ ክዳን ያለውን ብልቃጥ ስምንት ጊዜ በቀስታ ትገለብጠዋለች። አትንጠውም፤ ደም ወተት አይደለም።

ስም የምትጽፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሰውየው ገና ፊቷ እንደተቀመጠ። ባዶ ብልቃጥ ላይ ስም የሚጽፍ ባለሙያ አንድ ቀን የአንዱን ደም በሌላው ስም መላኩ አይቀርም ባይ ናት።

«ስምዎ ማን ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ስታውቂኝ ኖረሽ ዛሬ ስሜ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም፤ ከአፍዎ ልስማው ብዬ ነው።»

«ጀምበሩ ነኝ። ይልቅስ መርፌሽን አልሰማሁትም። ወግተሽኛል?»

አባባ ጀምበሩ በአገር ቤት፣ በጎንደር፣ ብረት ሠሪ ነበሩ። እዚህ በቅድስቲቱ ከተማ፣ ታልፒዮት በሚባል ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያን ዕለት ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ባለችው የምድር ቤት ክፍል ስለ እርጅና ለሚደረግ ጥናት ደም ሲሰጡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሆኑ። ክፍሏን የተከራየው በከተማው ያለ አንድ የምርምር ቡድን ነው። ሽማግሌዎቻችን በትልቁ ሆስፒታል ቁጥር ቆርጦ መጠበቅ ይሰለቻቸዋል፤ እዚህ ግን ድንጋዩ ወፍራም ስለሆነ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከግንቡ ማዶ ያለ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፣ ደግሞም «እንዴት አደሩ?» የሚል ሰው አለ። ያ ሰው አመለወርቅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ቀን ደረጃ እየጠረገች ማታ ተማረች፤ ይኸው ሃያ አራት ዓመት ደም ትቀዳለች።

«ከደሜ ውስጥ ምን ሊያዩ ነው?» አሉ ጀምበሩ ጥጡን በጣታቸው እንደያዙ።

«በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ከእናትና ከአባት የወረስነው ሁሉ የተጻፈበት ክር አለ። በክሩ ጫፍና ጫፍ ደግሞ ክሩ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ቴሎሜር ይሉታል። ሕዋሱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ያ ጫፍ ጥቂት ያጥራል። በጣም ያጠረ ዕለት ሕዋሱ መከፈሉን ይተዋል። ያረጃል።»

«ማረሻ ነው በይኛ! ገበሬው በየዓመቱ ያመጣዋል፣ በፍም አግለን እንቀጠቅጠዋለን፣ ይሾላል። በሾለ ቁጥር ግን ያጥራል። መጨረሻ ላይ አዲስ ጫፍ ካልቀጠልንበት አያርስም።»

«ጫፍ የሚቀጥል ብረት ሠሪም በውስጣችን አለ፤ ቴሎሜሬዝ ነው ስሙ። በአብዛኛው ሕዋሳችን ውስጥ ግን ተኝቷል።»

«ሰነፍ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ብልቃጡን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ አይጣልም?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ነጋሪ አላስፈለጋትም። በፈረንጆቹ 1996 ከኢትዮጵያ የመጡት አይሁዳውያን ወገኖቿ የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። ያኔ አመለወርቅ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ለግሳለች። አደባባይ ከወጡት ሺዎች መካከል ቆማ ክንዷን ስታሻሽ እንደነበር ታስታውሳለች።

«አይጣልም» አለች። «በእኔ ይሁንብኝ።»

በዚህ ቃል ላይ ነው በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ክንዳቸውን የሰጧት።

በነሐሴ መጨረሻ የጥናቱ መሪ ዶክተር ሲጋል ወደ ቤተ ሙከራው ጠራቻት። ዶክተር ብትሆንም እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም ሲጋል ይላታል። ሒሳብ ሠሪው ኦሬን ስክሪኑን አዞረላት። ነጥቦች ናቸው፤ ወደ ቀኝ ዕድሜ ይጨምራል፣ ወደ ላይ የጫፉ ርዝመት። ዕድሜ ሲገፋ ጫፉ ስለሚያጥር ነጥቦቹ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ሠርተዋል። ከመንገዱ በታች ግን አሥራ ሦስት ነጥቦች ለብቻቸው ተኮልኩለዋል።

«ሁሉም ካንቺ ክፍል የመጡ ናቸው» አለች ሲጋል። «ሰው ከሰው ይለያያል፤ አንድ ሁለቱ ቢያጥሩ አልደነቅም። አሥራ ሦስት ሲሆኑ ግን ወይ ደሙን ሙቀት ነክቶታል፣ ወይ ስም ተለዋውጧል።»

አመለወርቅ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እያንዳንዱ ብልቃጥ የተቀዳበት ደቂቃ፣ በረዶ ሳጥን የገባበት ደቂቃ፣ ከዚህ በር ሲደርስ የሳጥኑ ሙቀት፤ አንድም ባዶ መስመር የለውም። ኦሬን በጣቱ እየተከተለ ገጽ በገጽ ገለጠ።

«ሲጋል፣ ይሄ ደብተር ከእኔ ኮምፒውተር ይበልጣል» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ሲጋል።

«አላውቅም» አለች አመለወርቅ።

«እኔም አላውቅም። ያላወቅሁትን ደግሞ ማተም አልችልም። የክፍልሽን ሠላሳ ስምንቱንም ከጥናቱ አወጣለሁ።»

«ብልቃጦቹስ?»

«እንደ ደንቡ ይወገዳሉ።»

ሲጋል ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ከመቶ ጊዜ በላይ ያለችው ቃል ነው። አመለወርቅ ግን ሳታውቀው ክንዷን ታሻሽ ጀመር።

«ሦስት ሳምንት ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ገና አላወቅሁም። ቃል የሰጠሁት ሰው አለ።»

በዚያው ቀን በባቡር ጀምበሩ ቤት ሄደች። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለገችም። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ቢላዋ በሞረድ ይስላሉ። የመጣችበትን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው።

«የአንዳንዱ ሰው ደም ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ተገኘ። የማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ስህተት ነው ብለው ሁሉንም ሊያስወግዱት ነው።»

ጀምበሩ ሞረዱን አቆሙ።

«ከየትኛው ዕድሜው?»

«እንዴት ከየትኛው?»

«እናቱ ከምታውቀው ነው ወይስ ከተውዳት ዘሁቱ?»

ጀምበሩ ተውዳት ዘሁት የሚሉትን መታወቂያቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና በቢላዋው ጀርባ መታ መታ አደረጉት። ቀንና ወር የለውም፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1951 ብቻ ይላል።

«ይቺ ካርድ ሰባ አራት ዓመትህ ነው ትለኛለች። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ እናቴ እኔን አዝላ ዋሻ ገብታለች። በካርዱ ከሆነ ለመወለድ ገና አሥር ዓመት ይቀረኛል። እናቴ ታዲያ ማንን አዝላ ሸሸች?» ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ወባው ደጋ ድረስ በወጣበት ዓመት የበኩር ልጄን ቀበርሁ። በካርዱ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ።» ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ጡረታ የወጡትም በካርዱ ስድሳ ሰባት ሲሞላቸው ነው። በእናታቸው ቁጥር ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ታልፒዮት ሳጥን ሲያነሱ ኖረዋል።

ስህተቱ የት እንደነበር አመለወርቅ አሁን አየችው። ስህተቱ የራሷ ነበር። የምታውቀውን ሰው ስም በድጋሚ የምትጠይቅ ሴት፣ ደቂቃ የምትመዘግብ ሴት፣ የልደት ዓመቱን ከካርድ ገልብጣለች። የካርዱ ዓመት እንዴት እንደተጻፈ ደግሞ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። የመጡ ዕለት በአዳራሹ ሰልፍ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር፤ መዝጋቢው እናቷን ቀና ብሎ አየ፣ ገመተ፣ ጻፈ፣ «ቀጣይ» አለ። ያኔም ልክ አይደለም አላለችም። የጥናቱ ቅጽ ለዓመት አንድ መስመር ነበረው፤ እሷም ሞላችው።

ማታውኑ ለሲጋል ደወለችላት። ሲጋል እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ገባኝ» አለች። «የአሥራ ሦስቱን ስም ልላክልሽ። እነሱን ጠይቂና ቶሎ እንጨርስ።»

«እንዳትልኪልኝ!»

«ለምን?»

«ካወቅሁ እጄ ያዘነብላል። ሳላስበው ዓመት እጨምርላቸዋለሁ። ሠላሳ ስምንቱንም እጠይቃለሁ። አንቺ የጫፉን ርዝመት ይዘሽ ቆዪ፣ እኔ ዓመቱን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ ጎን ለጎን እናድርገው።»

ሲጋል «ይህን ያስተማረሽ ማን ነው?» አለቻት።

«ብልቃጥ» አለች አመለወርቅ። «ሳይሞላ ስም አልጽፍበትም።»

አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀች። ጣሊያን ከጎንደር የወጣበት፣ የወባው ዓመት፣ የታኅሣሥ ግርግር፣ ኮሌራ የገባበት፣ ንጉሡ የወረዱበት። ዕድሜ ብላ አልጠየቀችም። ማን ታዝሎ ነበር፣ ማን በእግሩ ይሄድ ነበር፣ ማን አግብቶ ነበር፤ ጥያቄዋ ይኸው ነው። የተነገራትን ሁሉ ከሌላ አንድ ሰው ጋር ታመሳክራለች፤ ካልገጠመ «ከዚህ እስከዚህ» ብላ ትጽፋለች። ከሥራ በኋላ በቀን ሁለት ቤት፣ ዓርብ ከሰንበት በፊት ማሃኔ ይሁዳ ገበያ የሚገበያዩትን እዚያው ዘንቢላቸውን እየያዘችላቸው ትጠይቃለች። አንዲት አሮጊት እህታቸውን በስልክ አስገብተው የተጣሉትን ጠብ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ሠርግሽ ከኮሌራው በፊት ነው እኮ!»

«ከኮሌራው በኋላ ነው!»

«አንቺ ድሮም ታናሽ መሆን ትወጃለሽ! በሠርግሽ እኔ ሁለተኛዬን አጠባ ነበር።»

አመለወርቅ ሁለቱንም ጻፈች፤ በማግስቱ የልጁን ዕድሜ ከሌላ ዘመድ ጠይቃ ታላቂቱ እውነት እንደተናገሩ አረጋገጠች።

በሃያ አንደኛው ቀን ኦሬን አዲሶቹን ዓመታት አስገባ። ሦስቱም ቆመው ስክሪኑን አዩ። ከታች ከተኮለኮሉት አሥራ ሦስት ነጥቦች አሥሩ ወደ ቀኝ ሄደው መንገዱ ውስጥ ገቡ። ከመንገዱ በላይ የነበሩ ሁለት ነጥቦችም ወደ ግራ መጡ፤ ካርዳቸው ካለው ይልቅ ልጅ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ነጥቦች ከታች ቀሩ።

«እነዚህስ?» አለ ኦሬን። «ወረቀትሽ ላይ ትንሽ ፈቅ የሚል ነገር የለም?»

«የለም። እንዳሉ ይቀመጡ። ልጨምርላቸው የምችለው ዓመት የለኝም።»

ሲጋል ወረቀቱን አንስታ ለረዥም ጊዜ አየችው። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ስትሠራ የልደት ዓመትን እንደ ቋሚ ነገር ይዛ መኖሯን ተናገረች። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘች፤ ብልቃጦቹ ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሱ፣ ቅጹ ደግሞ ለዓመት ሁለት መስመር ይኑረው፤ አንዱ ለካርዱ፣ አንዱ ለሰውየው።

ለሁለተኛው ዙር ጀምበሩ የዚህ አገር የዝናብ ወራት ሲገባ መጡ፤ ዝናብ የመታውን ኮፍያቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ጫፌ ዕድሜዬን መሰከረልኝ በይኛ!»

«የአንድ ሰው ጫፍ ዕድሜ አይመሰክርም፣ አባባ። ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ነው መንገዱ የሚታየው። ለመታወቂያ ቢሮም ማስረጃ አይሆንዎትም።»

«አስረጅተሽ ለቀቅሽኝ ማለት ነው። እንግዲያው ያን የተኛውን ብረት ሠሪ በመርፌሽ ቀስቅሽልኝ።»

«እሱንማ ካንሰርም ይቀሰቅሰዋል» አለች ደም ሥሩን በአውራ ጣቷ እየያዘች። «ከአሥር ካንሰር በስምንት ዘጠኙ ውስጥ ነቅቶ ነው የሚያገኙት። የታመመው ሕዋስ ጫፉ አልቆ መቆም ሲገባው ያስቀጥላል። አያረጅም፤ ሲከፈል ይኖራል። ሐኪሞቹ እዚያ ላይ የሚፈልጉት የሚያስተኛው መድኃኒት ነው።»

ጀምበሩ ባለቤታቸውን ማልካን በካንሰር ካጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ማልካንም የወሰዳት እሱ ነው?»

«የእሷን አልመረመሩትም። ሊሆን ይችላል።»

ደሙ ብልቃጡን ሲሞላው አዩ። «ለወንበዴ ጦር ጫፍ የሚቀጥል ብረት ሠሪ» አሉ በመጨረሻ። «ተዪው፤ ይተኛ። ማርጀቱን እችልበታለሁ።»

አመለወርቅ ላስቲኩን ፈታች፣ ብልቃጡን ነቀለች፣ መርፌውን አወጣች። ስምንት ጊዜ ገለበጠች። ስማቸውን ጠየቀች፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አጉረምርመው ነገሯት። ከስሙ በታች 1951 ጻፈች። ከሱ በታች 1939።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። እሷ እንዳለችው ይኸው፦

«ቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ዛሬውኑ ጠይቁልኝ። ‹ዕድሜዎ ስንት ነው?› አትበሏቸው፤ ካርዳቸውን ነው የሚያነቡላችሁ። ጣሊያን ሲወጣ፣ ወባው ሲገባ፣ ንጉሡ ሲወርዱ ማን ታዝሎ፣ ማን በእግሩ ሄዶ፣ ማን አግብቶ እንደነበር ጠይቁ። በወረቀት ጻፉት፤ ስማቸውን ከላይ፣ የመሰከረውን ሰው ስም ከታች። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ያዙት። ደም የምትቀዳው ሴት ዓመቱን ከካርድ ስትገለብጥ ካያችኋት ደግሞ፣ እኔም ብሆን፣ እጇን ያዙልኝ።»