ፌንጣ ከትምህርት ቤት የወጣችበት ምክንያት

የሕይወት ታሪኳን ጻፊ ብለው የጫኑብኝ አብሮ አደጓ ስለሆንኩ ነው፤ አስተማሪ መሆኔም አለ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ልጇ ወረቀቱን ልትወስድ በሰባት ትመጣለች። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥቻለሁ። እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ።

ልደቷን ጻፍኩ። እናቷ በወሊድ መሞቷን፣ ዘበኛ አባቷ ብቻውን እንዳሳደጋት ጻፍኩ። ፌንጣ መባሏን ተውኩት፤ ለቀብር አይሆንም ብዬ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ማለት አይሆንላትም ነበር። አስተማሪው «ተቀመጪ!» ሲላት «መልሱን ልንገርዎትና» ትላለች። መልሱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ እኔን የሚያሳርረኝ እሱ ነበር።

ቀጥሎ ስፌቷ። አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል፣ በእግር የሚረገጥ መኪና፣ ከከንፈሯ የማይጠፋ ስፒል። ሜትሩን አንገቷ ላይ ለወግ ነው የምታንጠለጥለው፤ ሰውን የምትለካው በዓይኗ ነው። ገና ከበር ሳልገባ፣ «እሜቴ፣ ወገብሽ ሁለት ጣት ጨምሯል፤ ተማሪ መብላት ጀመርሽ እንዴ?» ትለኛለች። ትምህርት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ይጎርፍላታል። ልጆቹ ልብስ ሲሞክሩ እሷ ደብተራቸውን ገልጣ ሒሳባቸውን ታርማለች፤ በጨርቅ ማስመሪያው ጠመኔ፣ እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። «ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን በራሷ ፈቃድ አቋርጣ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ልጇም ጭምር። ውሸት ነው።

አባቴ የትምህርት ቤቱ ፈተና አባዢ ነበር። ሲባዙ የተበላሹትን ወረቀቶች ማቃጠል ሲገባው፣ ለእሳት ማያያዣ ይሆናሉ ብሎ ቤት ያመጣቸዋል። ሁልጊዜ የሚያመጣቸው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ግን ተሳስቶ አስቀድሞ አመጣ። እኔ ከኮቱ ኪስ አንዷን ሰርቄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። እኔና ፌንጣ ያለን ቦርሳ አንድ ነው፤ በተራ እንሸከመዋለን። በማግስቱ ተራው የሷ ነበር፣ በር ላይ ፍተሻ ነበር።

ዳይሬክተሩ ወረቀቷን ከፍ አድርጎ «የማን ናት?» አለ። እኔ አፌ ተለጎመ። ፌንጣ አንዴ አየችኝና «የኔ ናት፣ ከቢሮ ሰርቄ ነው» አለች። በዚያው ቀን ተባረረች።

እያለቀስኩ ተከትያት ሮጥኩ።

«ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«አባትሽ ከሥራ ከወጣ ስድስት ልጅ ጦሙን ያድራል። የኔ አባት ያለው እኔ ብቻ ነኝ። በቃ፣ ሆድ ይፍጀው።»

ከዚያ ወዲያ አንስታው አታውቅም። አባቴ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እንጀራው ይቋረጥበታል የምለው ሰው የለም። ታዲያ ምን ስጠብቅ ነበር? ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። መንገድ ላይ ሰው ቆብ አውልቆ «አስተማሪያችን» ሲለኝ ይጥመኛል።

መስመሩን ሰረዝኩና እውነቱን ጻፍኩ፤ የኔን ድርሻ፣ አንዱንም ሳላስቀር።

ልጇ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ ቆማ አነበበችው። እዚያ ቦታ ስትደርስ ጣቷን አስቀምጣ ደገመችው። ብትሰድበኝ እወድ ነበር።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች። «አጥኚ ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ ‹አንቺ ራስሽ ሰንፈሽ የተውሽውን፣ በእኔ ምን አገባሽ!› አልኳት። ያስታውሳሉ፣ እትዬ?»

«አስታውሳለሁ፣ ልጄ።»

«መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። እሷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። እርስዎም አብረው ሳቁ።»

እውነት ነው፣ ስቄያለሁ።

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «ጎረቤታችን ያነበዋል ተብሎ ነበር። ይቅር፣ እርስዎ ያንብቡት። እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን እንዳይቀንሱ።»

ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥሬ ሁለቴ ተፈታብኝ። ልጇ ትንሽ አየችኝና ተንበርክካ አሰረችልኝ፤ ቀና ብላ ግን ፊቴን አላየችውም።