ቢስኪት መዝለል ሲማር

ሱአድ ስኮትዴል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት ፈረስ ተሰጣት። የሰጧት ጋሽ አምባቸው ናቸው፤ ኮንየርስ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ ከመጋዘን ሥራ ጡረታ የወጡ። ፈረሱን የገዙት የካውቦይ ባርኔጣ ስለሚያምርባቸው ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ባርኔጣውን አስቀርተው ፈረሱን ለቀቁላት።

ቢስኪት ይባላል። ዳማ ነው፤ ዕድሜውን ከጥጃ ኋላ ሲሮጥ የኖረ። ሱአድን ያማራት ግን የመሰናክል ዝላይ ነው። አሰልጣኝም አገኘች፤ ርብቃን፣ እዚሁ ውጭ አገር ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ።

«ሱ፣ ሊስን፣» አለቻት ርብቃ ገና በመጀመሪያው ቀን። «እሱ የተማረው ዌስተርን ነው፣ የካውቦዮችን ግልቢያ። ዛቡን አንገቱ ላይ ስታሳርፊ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ስትቀመጪ ይቆማል። አሁን ሁሉን ነገር ሪሴት እናደርጋለን። አንቺንም ጭምር።»

ሥራው በጋሽ አምባቸው ግቢ፣ መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች ተጀመረ። ቢስኪት አንድ በአንድ አሽትቶ፣ የሚበሉ አለመሆናቸውን ሲያረጋግጥ በሶምሶማ ያልፋቸው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እንጨቱ እስከ ጉልበት ከፍ አለ። ቢስኪት አማረበት፤ ሮጠ፣ ተጠጋ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሱአድ ግን ጉዞዋን ቀጠለች።

«ፈረሱ ደህና ነው?» አሉ ጋሽ አምባቸው ከአጥሩ ሆነው።

«ፈረሱማ ደህና ነው! እኔን አይጠይቁኝም?» አለች አሸዋ እየተፋች።

አራት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በአምስተኛው ርብቃ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ለካ ሱአድ እንጨቱ ሲቀርብ፣ አውቶቡስ ውስጥ ለሚቆሙት ልጆች እንደምትለው «ዋ!» ትላለች። ካውቦዮች ደግሞ ፈረስ የሚያቆሙት «ዎ!» እያሉ ነው። ቢስኪት የሁለቱን ልዩነት የሚያጠናበት ጊዜ አልነበረውም።

«ከዛሬ ጀምሮ ዋ የለም፣» አለች ርብቃ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ከንት አድርጊ። እርምጃውን ቁጠሪ።»

መቁጠሩ ፈረሱን ከመቆም አዳነው፤ ቢሆንም እየደነገጠ እንጨቱን ይመታ ነበር። ጥፋቱ የሱአድ ዓይን ነበር።

«አውቶቡሱን ስታዞሪ የት ነው የምታዪው?» አለቻት ርብቃ።

«የምሄድበትን ነዋ! ጎማ እያየሁ ሰባ ልጅ ልጫን?»

«ታዲያ እንጨቱን ለምን ታዪዋለሽ?»

ሱአድ ፈረሱን ወደ መነሻው መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጥድ እያየች ገሰገሰች። ተረከዟን ወደ ታች ጫነች፣ እጇን ወደ ጋማው ለቀቀችለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከታች ያለው ሁሉ ጠፋ፤ ሲመለስም ከእንጨቱ ማዶ ነበሩ። እልል አለች። ቢስኪት ጆሮውን ቀሰረ፤ ይህንን ትእዛዝ አልተማረውም።

በጸደይ ኮንየርስ ውስጥ በተደረገ ትንሽ ውድድር ገቡ። ተወዳዳሪዎቹ ሰባት ናቸው፤ ከሱአድ በስተቀር ሁሉም ከአስራ ሦስት ዓመት በታች። የመጀመሪያዎቹን አራት መሰናክሎች እንደ ውሃ አለፏቸው። አምስተኛው ላይ ሱአድ በደስታ ተዘናግታ ዛቡን አንገቱ ላይ ጣል ስታደርግ፣ ቢስኪት በድሮ ትምህርቱ እጥፍ ብሎ፣ የማይታይ ጥጃ እያባረረ በተቃራኒው ነጎደ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ዳኞቹ ግን ነጥብ ቀነሱ። ሱአድ ኮርቻው ላይ ቆየች፣ አዞረችው፣ እንደገና ቆጠረች፤ የቀሩትን በሙሉ ጨረሱ።

ስድስተኛ ወጣች። ከኮርቻው ወርዳ የቢስኪትን አንገት አቅፋ ቆየች። ርብቃ በስልኳ የቀረጸችውን ይዛ መጣች።

«ሉክ፣ እዚህ ጋ ተረከዝሽ ተነስቷል። እዚህም ጀርባሽ...»

«እሱን ነገ ትነግሪኛለሽ፣» አለች ሱአድ ስልኩን ወደ ራሷ እየሳበች። «ሦስተኛዋን ዝላይ ድገሚልኝ።»

ርብቃ ደገመችላት። አራት ጊዜ።